የታይላንድ ቢኤል ድራማ እንዴት ይታያል? ከምርጫ እስከ መጨረሻው ክፍል

«ቢኤል» የሚባለውን የታይላንድ የወንዶች ፍቅር ድራማ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው በአጫጭር ቪዲዮ ነው። ሁለት ወጣቶች ሕንፃ ጣሪያ ላይ ቆመዋል፤ ይሳሳማሉ፤ ዘፈን ይገባል፤ በቃ። ያንን አይቶ ሙሉውን ድራማ የከፈተ ተመልካች ግን ሁለት ክፍል ሳይጨርስ «ምንም ነገር አይፈጠርም» ብሎ ይዘጋዋል። የዚህ ድራማ ጣዕም ያለው በመዘግየቱ ውስጥ ነው፦ አንዱ ሌላውን የሚጠራበት ቃል መቼ እንደተለወጠ፣ ሳህኑ ላይ ያለውን ምርጥ ቁራጭ ማን ለማን እንዳነሳለት፣ ተያይተው ማን ቀድሞ ዓይኑን እንደሰበረ። እነዚህን ሲከታተል የቆየ ሰው አምስተኛው ክፍል ላይ የሚመጣው መሳሳም ትንፋሹን ያስይዘዋል። ከዚህ በታች ያለው ምክር ሁሉ እነዚያ ትንንሽ ነገሮች እንዳያመልጡዎት የሚረዳ ነው።

ስለ አመጣጡ በአጭሩ። መነሻው የጃፓን የሥዕል ታሪኮች ናቸው። እነሱ ወደ ታይ ቋንቋ ተተርጉመው በተለይ በወጣት ሴቶች ዘንድ ተወደዱ፤ ከዚያ የታይ ጸሐፊዎች በኢንተርኔት ላይ በየምዕራፉ የሚወጣ የራሳቸውን ልብ ወለድ መጻፍ ጀመሩ። በ2014 «ላቭ ሲክ» ከእንዲህ ያለ ልብ ወለድ ተወስዶ ቴሌቪዥን ላይ ወጣ፤ በ2016 «ሶተስ» ተከተለ፤ በ2020 ዓለም በኮሮና ምክንያት ቤቱ በተቀመጠበት ወቅት «ቱጌዘር» በዩቲዩብ በኩል ድንበር ተሻገረ። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ታይላንዳውያን ራሳቸው ዘውጉን «ሲሪ ዋይ» ይሉታል። በየምዕራፉ የሚወጣው ልብ ወለድ አሻራውን ትቷል፤ እያንዳንዱ ክፍል መልስ ያላገኘ ጥያቄ ይዞ ያልቃል፣ ትልቁ ነገርም ብዙ ጊዜ የሚፈጠረው በመጨረሻዎቹ አስር ደቂቃዎች ነው።

የመጀመሪያውን ድራማ መምረጥ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ በዕድሜ ትልቁን ወይም በወሬ የገነነውን ይከፍታል። «ሶተስ» ለዘውጉ ታሪክ ትልቅ ቦታ አለው፤ ነገር ግን 15 ክፍል ነው፣ አካሄዱም ዝግ ያለ ነው፤ ታሪኩም የታይላንድ ዩኒቨርሲቲዎች ነባር ተማሪ አዲስ ገቢውን በጩኸትና በቅጣት በሚያስገብርበት ሥርዓት ዙሪያ የሚሽከረከር ስለሆነ ልማዱን ለማያውቅ ይከብዳል። ሦስተኛ ወይም አራተኛ አድርገው ቢያዩት የበለጠ ይጣፍጣል። «ኪንፖርሽ» (2022) ደግሞ የወንበዴዎች ታሪክ ነው፤ ደም፣ ሽጉጥና ግልጽ የአልጋ ትዕይንት አለው። የታይላንድ ድራማ ማን እንዲያየው እንደተፈቀደ የሚገልጽ ምልክት አለው፤ 13+ ከሆነ ልጆች ከወላጅ ምክር ጋር፣ 18+ ከሆነ ለአዋቂ ነው። ምልክቱን ሳያዩ በቤተሰብ ፊት አይክፈቱ።

ለጀማሪ የምንመክረው «ባድ ባዲ»ን ነው። 12 ክፍል አለው፤ የወጣው ከጥቅምት 2021 መጨረሻ እስከ ጥር 2022 ነው፤ ዳይሬክተሩ በቅጽል ስሙ ኦፍ የሚባለው ኖፓርናች ቻይዊሞን፣ ዋና ተዋንያኑ ኦም ፓዋትና ናኖን ኮራፓት ናቸው። ፓትና ፕራን ግድግዳ ለግድግዳ ጎረቤት ናቸው፤ ወላጆቻቸው ተፎካካሪ ነጋዴዎችና ደመኞች። ልጆቹን ከሕፃንነታቸው ጀምሮ «ከሱ ማነስ የለብህም» እያሉ አሳድገዋቸዋል። አሁን ዩኒቨርሲቲ ገብተዋል፤ አንዱ ምሕንድስና ሌላው ሥነ ሕንፃ፤ የሁለቱ ፋኩልቲ ተማሪዎችም እርስ በርስ ይደባደባሉ። ይህን የምንመርጥበት ምክንያት ግልጽ ነው። ሁለቱ እኩያ ናቸው፤ አንዱ አባራሪ ሌላው ተባራሪ አይደለም። እንቅፋቱም «ወንድ ነውና እንዴት እወደዋለሁ» የሚል ራስን የመጥላት ጭንቀት ሳይሆን የቤተሰብ ቂም ነው። ጎረቤት ከጎረቤት ተኳርፎ ልጆች ተደብቀው የሚጫወቱበትን ሰፈር የሚያውቅ ተመልካች የታይላንድን ባሕል ባያውቅም የነገሩ ጭብጥ ወዲያው ይገባዋል።

የትምህርት ቤት ታሪክ የማይስብዎ ከሆነ «ሙንላይት ቺክን»ን (2023) ይውሰዱ። 8 ክፍል ብቻ ነው፤ ቦታው ፓታያ፣ ዋናው ሰው ዶሮ በሩዝ የሚሸጥ፣ ዕዳ ያጎበጠው፣ በፍቅር አንዴ የተጎዳ ሰው ነው። የእህቱ ልጅ መስማት ከተሳነው ወጣት ጋር በምልክት ቋንቋ እየተማማረ የሚግባባበት መስመር ደግሞ ከዋናው ታሪክ አያንስም። ገጠር የሚወድ «ኤ ቴል ኦፍ ታውዘንድ ስታርስ»ን (2021፣ 10 ክፍል) ያያል፤ የልብ ንቅለ ተከላ የተደረገለት የሀብታም ልጅ፣ ልቡን የሰጠችውን የሟች መምህርት ማስታወሻ ይዞ እሷ ታስተምርበት ወደነበረው ተራራማ የሰሜን መንደር ይሄድና ከደን ጠባቂው አለቃ ጋር ይገናኛል። የሲኒማ ጥራት የሚፈልግ ደግሞ ፉኬት ላይ የተቀረጸውን «አይ ቶልድ ሰንሴት አባውት ዩ»ን (2020) ይጀምር፤ 5 ረጃጅም ክፍሎች ናቸው። ይህኛው ግን ያስለቅሳል፤ ለመዝናናት አይክፈቱት።

አዘገጃጀቱ

የጂኤምኤምቲቪ (የታይላንድ ድራማ አምራች ድርጅት) ድራማዎች በድርጅቱ የዩቲዩብ ቻናል ላይ ይገኛሉ። አንዱ ክፍል በአራት ቪዲዮ ተከፋፍሎ ነው የሚጫነው፤ ርዕሱ ላይ 1/4፣ 2/4፣ 3/4፣ 4/4 ተብሎ ይጻፋል። ነጠላ ቪዲዮ ከመክፈት ይልቅ ሙሉውን ዝርዝር ይክፈቱ፤ አለዚያ ዩቲዩብ ከ2/4 በኋላ ሌላ ድራማ ያስገባልዎታል ወይም ወደ ሌላ ክፍል 4/4 ይወስድዎታል፣ ትልቁም ምሥጢር ይበላሻል። ፍለጋውን በላቲን ፊደል ያድርጉ። ቪዲዮው «በአገርዎ አይገኝም» ካለ ብዙ ጊዜ መብቱ ለሌላ ድርጅት ስለተሸጠ ነው፤ ያን ጊዜ አይቺዪ፣ ቪኪ ወይም ጋጋኡላላ በሚባሉት የቪዲዮ መመልከቻ መድረኮች ላይ ይፈልጉት። ስሙ ላይ «አንከት» የሚል ከተጨመረ ለቴሌቪዥን ያልተቆረጠው ቅጂ ነው። የቴሌቪዥኑ ቅጂ ሲጋራና መጠጥን በጭጋግ ይሸፍናል፤ አንዳንዴም ትዕይንት ያሳጥራል።

ዳታ ለሚቆጥብ፦ በ360 ጥራት አንድ ሰዓት በግምት 300 ሜጋባይት፣ በ480 ደግሞ ወደ 500 ሜጋባይት ይወስዳል። ሰብታይትሉ ከምስሉ የተለየ ጽሑፍ ስለሆነ ጥራቱን ቢቀንሱም አይደበዝዝም። ቢሆንም 480ን እንመርጣለን፤ ፊት ላይ የሚያልፈው ስሜት በ240 አይታይም፣ ይህ ድራማ ደግሞ ያለ ፊት ምንም አይደለም። ፍጥነቱን ወደ 1.5 የሚያሳድጉ ሰዎችም አሉ። ዝምታው ራሱ ንግግር ስለሆነ በዚያ ፍጥነት ግማሹ ታሪክ ይጠፋል።

ሰብታይትል ላይ ትንሽ እንቆይ። ብዙዎቹ የእንግሊዝኛ ሰብታይትል አላቸው። ዩቲዩብ በኮምፒውተር ላይ ያንን በራሱ ወደ አማርኛ ይመልሳል፤ በማስተካከያው ውስጥ ሰብታይትልን፣ ከዚያ ራስ ሰር ትርጉምን፣ ከዚያ አማርኛን መምረጥ ነው። ውጤቱ ግን ያሳስታል። ታይኛው ወደ እንግሊዝኛ ሲሄድ ክብሩና ቅርበቱ ይጠፋል፤ ከእንግሊዝኛው ወደ አማርኛ ሲመጣ ደግሞ ማሽኑ ጾታን መገመት ስላለበት ሁለት ወንዶች በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ «አንተ» እና «አንቺ» ሲባባሉ ያገኙአቸዋል። ድራማው የጻፈው ይመስልዎታል፤ አይደለም። እንግሊዝኛው የሚገባዎ ከሆነ እሱን ይዘው አማርኛውን ለከበደዎት ቃል ብቻ ይጠቀሙበት።

በጆሮ መያዝ ያለበት

ታይኛ መማር አያስፈልግም። አስር የማይሞሉ ቃላትን በጆሮ መለየት ግን ድራማውን ሌላ ያደርገዋል፣ ምክንያቱም ሰብታይትሉ ብዙ ጊዜ ይዘላቸዋል።

«ፒ» ከስም በፊት ከገባ ተጠሪው ታላቅ ነው፤ ወንድም ሴትም ቢሆን። «ኖንግ» ታናሽ ነው። «ጋሼ» እና «እትዬ» እያለ ያደገ ሰው ሐሳቡን ያውቀዋል፤ ልዩነቱ በታይላንድ ዩኒቨርሲቲ የአንድ ዓመት ብልጫ እንኳ «ፒ» ያስብላል። ስለዚህ አንድ ገጸ ባሕርይ ያንን ቃል ሆን ብሎ ሲተወው፣ ወይም ተጣልተው ከከረሙ በኋላ በለሰለሰ ድምፅ ሲመልሰው፣ አንድ ነገር ተፈጽሟል። «ኩ» እና «ሙንግ» በጣም የሚቀራረቡ ጓደኛሞች የሚጠሩበት ሸካራ «እኔ» እና «አንተ» ነው፤ ለማያውቁት ሰው ከተነገረ ስድብ ይሆናል። «ፖም» እና «ኩን» የጨዋ አነጋገር ናቸው። ወንድ ዓረፍተ ነገሩን ለትሕትና «ክራፕ» ብሎ ይዘጋል፤ ሴት «ካ»። እንግዲህ አንድ ወጣት ቀኑን ሙሉ «ሙንግ» ሲለው የዋለውን ልጅ ማታ በስልክ በ«ክራፕ» ካናገረው፣ እንግሊዝኛው ሰብታይትል ሁለቱንም አንድ ዓይነት አድርጎ ያልፈዋል፤ የታይ ተመልካች ግን ትራስ አቅፎ ይጮኻል። «ባድ ባዲ» ውስጥ ፓትና ፕራን በአብዛኛው «ኩ» እና «ሙንግ»ን አይለቁም፤ እኩያና ባላንጣ ናቸውና። እዚያ ፍቅሩ የሚሰማው በቃሉ ሳይሆን በድምፁ ነው፣ የናኖን ኮራፓት ችሎታም ይህ ነው፤ ያንኑ ሸካራ ቃል ክፍል 1 ላይ እንደ ድንጋይ፣ ክፍል 7 ላይ እንደ ልመና ይለዋል።

ሁለት ቃላት ደግሞ መለየት አለባቸው፦ «ቾፕ» መውደድ፣ «ራክ» ማፍቀር ነው። ስሜቱን የሚገልጽ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በ«ቾፕ» ይጀምራል፤ «ራክ» ብዙ ሳምንት ሊያስጠብቅ ይችላል። ተርጓሚው ሁለቱን ካደባለቀ ገና ሦስተኛው ክፍል ላይ «አፈቅርሃለሁ» አለ ብለው ይደነግጣሉ። «ፌን» ፍቅረኛ ማለት ነው፤ ጾታ የለውም፣ ስለዚህም ገጸ ባሕርይ ቤተሰቡ ፊት «ፌን አለኝ» ብሎ ማን እንደሆነ ሳይናገር ሊቆይ ይችላል። ደራስያን ይህን በደንብ ይጠቀሙበታል።

በዓይን መያዝ ያለበት

በታይ ባሕል ራስ የከበረ አካል ነው፤ ማንም ተነሥቶ የማንንም ፀጉር አይነካም። አንዱ የሌላውን ፀጉር ሲያሻሽ ከመተቃቀፍ የማይተናነስ ቅርበት ነው። ጉንጭ ላይ አፍንጫን አስጠግቶ ትንፋሽ መሳብም አለ፤ «ሆም» ይባላል፣ ከከንፈር መሳም የቆየ የታይ ልማድ ነው። አይተውት «ለምን አሸተተው?» ያሉ ሁሉ መልሱ ይኸው ነው። «ሩዝ በላህ ወይ?» የሚለው ጥያቄ ሰላምታም ነው፣ እንክብካቤም ነው። የተጣሉ ሰዎች ከታረቁ በኋላ የመጀመሪያው ቃል ብዙ ጊዜ እሱ ነው፤ ጉርሻ ምን እንደሚናገር የሚያውቅ ሰው ይህን ማስረዳት አያሻውም።

የዩኒቨርሲቲ ድራማ ከሆነ የምሕንድስና ተማሪውን የማሽን ጥርስ ጎማ (ጊር) ቅርጽ ያላትን ትንሽ ጌጥ ይከታተሉ። ተማሪው ፈተናውን አልፎ የሚቀበላት ናት፤ ለሌላ ሰው ከሰጣት ልቡን ሰጠ ማለት ነው። «ሶተስ» ይህችን ምልክት በሰፊው አስተዋወቀ፤ ከዚያ በኋላ የመጡትም ደጋግመው ተጠቀሙባት፣ አንዳንዶቹም ቀለዱባት። የሚቀለድበትን ለመረዳት ዋናውን ማወቅ ይጠቅማል።

የ12 ክፍል ድራማ አካሄድ የታወቀ ነው። ክፍል 1 እና 2 ጠብና ሳቅ ናቸው። እስከ 4 ድረስ ይቀራረባሉ። 5 ወይም 6 ላይ የመጀመሪያው እውነተኛ መሳሳም ይመጣል። ከዚያ ሁለትና ሦስት ክፍል ደስታ ይሆናል፤ 9 እና 10 ላይ የተደበቀው ይወጣል፤ 11 ላይ ሁሉም ይፈርሳል። ተመልካቾች «የክፍል 11 እርግማን» ብለው ይጠሩታል። አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው 10ን አይቶ ያድራል፣ 11 እና 12ን በአንድ ቀን ያያል። 11 ላይ አቁሞ የተኛ ሰው ደራሲውን ሲረግም ያድራል። «ባድ ባዲ» ይህን ልማድ በጥበብ ጠምዝዞታል፦ ጣሪያ ላይ ያለው መሳሳም ክፍል 5 ላይ ነው፣ ነገር ግን ደስታ ሆኖ አያልቅም። የወላጆቹ ቂም ምንጭ የሚገለጠው 10 ላይ ነው፤ 11 ላይ ደግሞ ከመፋረስ ይልቅ ሁለቱ ከተማውን ትተው ወደ ባሕር ዳርቻ ይሸሻሉ። የመጨረሻው ክፍል ዓመታትን ይዘላል። ጅማሬውን በጥንቃቄ ካላዩ ተለያዩ ብለው ያዝናሉ፤ እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ ይታገሡ።

የሚቀጥለውን ክፍል ቅምሻ ግን ይዝለሉት፤ ምርጡን ትዕይንት ቀድሞ ያወጣዋል። በዓመቱ መጀመሪያ ወይም መጨረሻ ድርጅቶች የሚያወጡት የማስተዋወቂያ ቪዲዮም ብዙ ጊዜ ዋናው ሥራ ሳይቀረጽ ስለሚዘጋጅ ተዋናይም ትዕይንትም ሊለወጥ ይችላል፤ በሱ ብቻ አይፍረዱ።

ገጸ ባሕርዩ በድንገት የመጠጥ ጠርሙስ ወይም የፊት ቅባት አንስቶ ስሙን ወደ ካሜራ አዙሮ ሲያወራ ቢያዩ የስፖንሰር ክፍያ ነው። ድራማው በነፃ የሚታየው በዚህ ገንዘብ ጭምር ነው፤ አንድ ደቂቃ ታግሦ ማለፍ ይሻላል፣ ምክንያቱም አንዳንዴ ጠቃሚ ንግግር እዚያው ውስጥ ይሸጎጣል።

ጎረበጥ የሚሉ ነገሮች

ከ2020 በፊት በወጡት ላይ ሦስት ነገሮች ደጋግመው ይመጣሉ። የመጀመሪያው የሰከረን ወይም የተኛን ሰው መሳም እንደ ፍቅር መቅረቡ ነው። ይህ ፍቅር አይደለም፤ ድራማው በሙዚቃ ስላጀበው ብቻ አይቀበሉት። ሁለተኛው አንዱን «ሚስት» ብሎ መጥራት፣ ሦስተኛው «እኔ ወንድ አልወድም፣ አንተን ብቻ እንጂ» የሚለው ንግግር ነው። ሦስቱም የመጡት ልብ ወለዱ በዋናነት ለሴት አንባቢ ከተጻፈበት ዘመን ነው። ከ«ባድ ባዲ» ዘመን ወዲህ ያሉት ብዙዎቹ ይህን ትተዋል፣ ሁሉም ግን አይደሉም። ስለዚህ ከመክፈትዎ በፊት የወጣበትን ዓመት ይዩ።

ዓመቱ ለሌላም ነገር ይጠቅማል። በታይላንድ የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻ ሕግ በሥራ ላይ የዋለው ጥር 23 ቀን 2025 ነው፤ በደቡብ ምሥራቅ እስያ የመጀመሪያው። ከዚያ በፊት በተሠራ ድራማ ውስጥ ሁለት ሰዎች ጣት ላይ ቀለበት ቢያደርጉም ሕግ አያውቃቸውም ነበር፤ የቤተሰብ ይሁንታ ያን ያህል የሚከብደውም አንዱ በዚህ ነው። «ኖት ሚ» (በ2021 መጨረሻ የጀመረ) ለጋብቻ እኩልነት የሚደረግ ሰልፍ አሳይቷል፤ ያኔ ጥያቄ ነበር።

ተዋንያኑን በተመለከተ፦ ድርጅቶቹ ሁለት ተዋንያንን አጣምረው በተከታታይ ሥራዎች ያሠሯቸዋል። ታይላንዳውያን «ኩ ቺን» ይሏቸዋል፤ በምናብ የተጣመሩ እንደማለት። ለተመልካች ትልቅ ጥቅም አለው። ኧርዝና ሚክስ የሚባሉትን «ኤ ቴል ኦፍ ታውዘንድ ስታርስ» ላይ አይቶ ከሁለት ዓመት በኋላ የተሠራውን «ሙንላይት ቺክን» የከፈተ ሰው በሁለቱ መካከል ያለው መተማመን ምን ያህል እንደጠለቀ ያያል፤ ሁለተኛው ላይ ብዙ ሳይነጋገሩ ይግባባሉ። ጉዳቱ የሚመጣው ትወናውን እውነት አድርጎ መያዝ ሲጀመር ነው። ከሴት ጋር ታየ ተብሎ ተዋናይን መስደብ ወይም የግል ሕይወቱን መከታተል የሰውን ኑሮ ያበላሻል፤ ፍቅርዎን ለገጸ ባሕርዩ ያድርጉት። ሲፈልጓቸው በቅጽል ስማቸው ይፈልጉ፤ ታይላንዳዊ ሁሉ ማለት ይቻላል ከመዝገብ ስሙ ሌላ አጭር የቤት ስም አለው፣ ሕዝቡም የሚያውቃቸው በዚያ ነው።

ስልክ ወይም ቴሌቪዥን ከሌላ ሰው ጋር የሚጋሩ ከሆነ የዩቲዩብን የዕይታ ታሪክ ያቁሙ፤ ካላቆሙት በማግሥቱ የመጀመሪያው ገጽ በሙሉ በዚሁ ይሞላል። በኢትዮጵያም ሆነ በአብዛኞቹ የባሕረ ሰላጤው አገሮች የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነት በሕግ የተከለከለ ስለሆነ ይህ ለአንዳንድ ተመልካች ቀላል ጉዳይ አይደለም። አካውንቱን ይክፈቱ፣ «ታሪክ» የሚለውን ይንኩ፣ የዕይታ ታሪክንና የፍለጋ ታሪክን ለየብቻ ያቁሙ። አንዱን ብቻ ማቆም አይበቃም።

የተከታዮቹ ቅደም ተከተል

አንዱ ካለቀ በኋላ ተከታይ መኖሩን ያረጋግጡ፤ ስሙ ስለሚለወጥ ብዙ ሰው አያገኘውም። «ቱጌዘር»ን (13 ክፍል) «ስቲል ቱጌዘር» (5 ክፍል) ይከተለዋል። «ሶተስ»ን «ሶተስ ኤስ» ይከተለዋል። የፉኬቱ ታሪክ ሁለተኛ ምዕራፍ ደግሞ «አይ ፕሮሚስድ ዩ ዘ ሙን» (2021፣ 5 ክፍል) ይባላል፤ ልጆቹ ዩኒቨርሲቲ ገብተው ባንኮክ ነው የሚኖሩት፣ የሚጎዳም ነውና በሁለቱ መካከል ጥቂት ቀን ያሳልፉ። «አወር ስካይ 2» (2023) ከብዙ ድራማዎች ለየብቻ የተሠሩ አጫጭር ተጨማሪዎችን የያዘ ነው፤ ከነሱ ውስጥ «ባድ ባዲ» እና «ኤ ቴል ኦፍ ታውዘንድ ስታርስ» የተቀላቀሉበት 4 ክፍል አለ። እሱን ከመክፈትዎ በፊት ሁለቱንም ዋና ድራማዎች፣ የደን ጠባቂውን አስቀድመው፣ ይጨርሱ፤ አንዱን ብቻ ያየ ሰው ግማሹን ቀልድ አያገኘውም።